ቦታቸው ያልተጻፈባቸው ፎቶዎች

ሥራዬ ምን እንደሆነ ለዘመድ ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኝ ነበር። እናቴ ነፍሷን ይማረውና «ልጄ አውሮፕላን ላይ ነው የምትሠራው» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። እኔ ግን ሥራ ላይ እያለሁ አውሮፕላን የተሳፈርኩት ለእረፍት ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ከላይ የተነሣ ፎቶ እያየሁ፣ «ይህ የት ነው?» ለሚል ጥያቄ መልስ ስፈልግ ኖርኩ። ፎቶው ይመጣል፤ የቦታው ስም አይመጣም። ስሙን ማምጣት የኔ ፋንታ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ ጄኔቫ ያሉት ባልደረቦቼ ኬክ ቆርሰው ሸኙኝ። ከኬኩ በኋላ አንዷ ወጣት ባልደረባዬ አዲሱን ፕሮግራም ልታሳየኝ ወደ ጠረጴዛዋ ወሰደችኝ። ፎቶ ሲሰጡት አገሩን፣ አውራጃውን፣ አንዳንዴም መንደሩን ይናገራል። ከድሮ ሥራዎቼ አንዱን፣ ብዙ ያለፋኝን፣ ሰጠሁት። ቡናዬን ሳልጨርስ አገኘው። እንደሚከፋኝ ጠብቃ ነበር መሰለኝ ቀና ብላ አየችኝ። አልከፋኝም። ፕሮግራሙ ጥሩ ነው። ሆኖም ይህ ሥራ በሰው ዓይን ሲሠራ ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውስ ሰው እየቀነሰ ስለሄደ የማስታውሰውን ልጽፍ ወሰንኩ።

አዲስ አበባ እያለሁ ካርታ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የተራራ ከፍታ መስመሮችን በቀለም እስላለሁ። ለሥልጠና ዙሪክ መጣሁ፤ ባለቤቴን ተስፋዬን እዚያው አገኘሁት፤ በዚያው ቀረሁ። የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት በአንድ የፎቶ ማኅደር ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ በትንንሽ አውሮፕላን እየዞረ የገበሬ ቤቶችንና መንደሮችን ፎቶ አንሥቶ ለባለቤቶቹ የሚሸጥ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ሲዘጋ ኔጋቲቮቹን ማኅደሩ ወሰዳቸው፤ ሳጥኖቹ ላይ የነበረውን ጽሑፍ ግን ውኃ ገብቶ አጥፍቶት ነበር። የማን ቤት፣ የየትኛው ሸለቆ እንደሆነ የማይታወቅ ፎቶ ክፍሉን ሞልቶታል። ሥራችን እያንዳንዱን ወደ ቦታው መመለስ ነበር።

ያስተማረኝ ሰው ሄር ፍሪክ፣ አቶ ፍሪክ እንደ ማለት፣ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከቪንተርቱር በባቡር የሚመላለስ፣ ዘወትር ፖም በኪሱ የማይጠፋ ሰው። እዚህ አገር ሰው የሚጠራው በቤተሰብ ስም ስለሆነ እኔን «ፍራው ታደሰ»፣ ወይዘሮ ታደሰ፣ ይለኛል። አባቴ ዙሪክን ሳያያት ስሙ በየቀኑ ይጠራባት ነበር። አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን «አንቺ» እና «አንተ» ተባብለን አናውቅም።

ሄር ፍሪክ አዲስ ፎቶ ሲመጣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ያያል። የቦታ ስም ቶሎ መጥራት ክልክል ነው። «ስም ከጠሩ በኋላ ዓይንዎ መፈለግ ያቆማል፤ ለጠሩት ስም ምስክር መሰብሰብ ይጀምራል» ይለኝ ነበር። መጀመሪያ የሚታየውን እንናገራለን፤ ቀጥሎ መኖር ሲገባው የሌለውን። ወይን ተክል አለ፤ ስለዚህ ሐይቅ ዳር ወይም ሞቃት ቁልቁለት ነው። የመኖሪያ ቤቱና ጎተራው በአንድ ጣራ ሥር ናቸው፤ ስለዚህ ጎተራ ለብቻው የሚሠራበትን ሸለቆ እንተወው። የድንጋይ ክዳን የለም፤ ስለዚህ ከአልፕስ ወዲያ አይደለም። እንዲህ እያልን አገሪቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እናጠብባታለን።

ሁለተኛው ሕጉ ስለ ጥላ ነበር። ፎቶውን ጥላው ወደ እኛ እንዲወድቅ አዙረን ካላስቀመጥን ዓይን ይታለላል፤ ሸለቆው ጉብታ፣ ጉብታው ሸለቆ መስሎ ይታያል። ይህን የማያውቅ ሰው ወንዝ በተራራ ጫፍ ላይ ሲፈስ ያያል። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት አይቻለሁ።

ሌላው ልማዱ ግን ከሥራው ውጪ ነበር። ቦታው የተገኘለትን ፎቶ ይዞ እሑድ በባቡርና በአውቶቡስ እዚያው ድረስ ይሄዳል። ማንም አላዘዘውም። ሰኞ ሲመጣ ፖሙን እየላጠ፣ «መስኮቶቹ አረንጓዴ ናቸው፣ ፍራው ታደሰ» ይለኛል። ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ስለሆኑ ቀለም አያሳዩም። ጎተራው ፈርሶ እንደሆነ፣ ዛፉ ተቆርጦ እንደሆነ፣ ውሻቸው እንዴት እንዳባረረው ይነግረኛል። አንዳንድ እሑድ እኔንና ተስፋዬንም ይዞን ሄዷል። አንዲት አሮጊት ገበሬ የቤቷን ፎቶ ስናሳያት ቤቱን አልፋ ግቢው ላይ ያለችውን ነጥብ አሳየችን። «እህቴ ናት፤ ልብስ እያሰጣች ነው» አለች። እኛ ያቺን ነጥብ የውኃ ገንዳ ብለን ነበር።

ያስተማረኝን ሁሉ መዘርዘር አልችልም፤ አንዱን ግን ልናገር። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ያለበት መንደር ደረሰኝ። ማማው ላይ ያለውን ሰዓት በማጉያ መነጽር አነበብኩት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ለሁለት አሥር ጉዳይ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነው ብዬ ተነሣሁ። ካርታ ላይ ግን እንዲህ ያለ መንደር የለም። ሦስት ቀን ሙሉ ፈለግሁ። ሄር ፍሪክ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

«የድሮ ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ ወዴት ይዞራል?» አለኝ።

«ወደ ምሥራቅ። በእኛም አገር እንደዚያው ነው።»

«መቅደሱን ወደ ምሥራቅ ያድርጉት። አሁን ጥላው ወዴት ይወድቃል?»

«ወደ ደቡብ።»

«በቀትር፣ በስዊዘርላንድ፣ ወደ ደቡብ?»

በዚህ አገር በዚያ ሰዓት ፀሐይ በደቡብ ናት፤ ጥላ ወደ ሰሜን እንጂ ወደ ደቡብ አይወድቅም። ኔጋቲቩን አንሥቶ በሌላ ፊቱ አስቀመጠው። ፎቶው የታተመው ግራና ቀኙ ተቀያይሮ፣ እንደ መስታወት ምስል ሆኖ ነበር። የማማው ሰዓት አሁን በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ከአሥር ይላል፤ ጠዋት ነው። መንደሩም ወዲያው ተገኘ።

ሄር ፍሪክ ጡረታ ሲወጣ የማኅደሩም ሥራ ወደ ማለቁ ነበር። እኔ ጄኔቫ ሄድኩ። አደጋ ሲደርስ ለዕርዳታ ድርጅቶች የቦታ መረጃ በሚያዘጋጅ አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ፕላንፓሌ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ትንሽ ክፍል ተከራየሁ፤ ዓርብ ማታ በባቡር ወደ ዙሪክ፣ እሑድ ማታ ደግሞ መልስ። ቋንቋው ወደ ፈረንሳይኛ፣ ሥራው ወደ እንግሊዝኛ ተለወጠ። ፎቶዎቹም የሞቱ ሰዎች ጎተራ መሆናቸው ቀርቶ የዛሬ ሆኑ፤ የተቃጠለ መንደር፣ የተሰበረ ድልድይ፣ በአንድ ሌሊት የበቀለ ድንኳን። አለቃዬ ፊሊፕ የሚባል የጄኔቫ ተወላጅ ነበር። ቸኩሎ የሚናገር፣ ሰው ሲታመምበት ቤት ድረስ ሾርባ ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። ይህን የምለው ቀጥሎ በምናገረው ነገር እንዳይፈረድበት ነው።

አገሩን አልጠቅስም። ትልቅ ጎርፍ ነበር። አንድ ፎቶ ከሄሊኮፕተር ላይ ተነሥቶ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ፣ ውኃ የዋጠው መንገድ፣ ሁለት ረጃጅም መጋዘኖች፣ የትምህርት ቤት ጣራ። ጣራው ላይ ሰዎች አሉ። ማን እንዳነሣው፣ የት እንዳነሣው የሚያውቅ አልተገኘም። ሳተላይቱ ደግሞ ከደመና በስተቀር አያሳይም። የድሮ ምስሎችን እያገላበጥኩ ወንዙን ከላይ እስከ ታች ተከተልኩት። አንድ ቦታ ላይ ሁሉም ገጠመ፤ ወንዙ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ መንገዱ በዚያው በኩል ነው፣ መጋዘን የሚመስሉ ጣራዎችም አሉ።

ፊሊፕ ስልኩን በእጁ እንደያዘ መጣ።

«አገኘሽው?»

«ይህ ሳይሆን አይቀርም።»

«ወይንሸት፣ ጀልባዎቹ ቆመዋል፤ የሚሄዱበትን እየጠበቁ ነው። ነው ወይስ አይደለም?»

እንደገና አየሁት። «ነው» አልኩት።

አልነበረም። ጀልባዎቹ እዚያ ሲደርሱ መጋዘንና ውኃ ብቻ አገኙ። ፎቶውን ቀድሞ ያወጣው አንድ የዜና ገጽ ለአቀማመጡ እንዲያምርለት ግራና ቀኙን ቀያይሮት ነበር። እውነተኛው ቦታ ወንዙ ወደ ቀኝ የሚታጠፍበት፣ ከዚያ በጣም ወደ ታች ያለ መንደር ነው። በሐሩር አገር ጥላ እንደ ወቅቱ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ስለሚወድቅ ጥላው አላስጠነቀቀኝም። ጣራው ላይ ያሉት ሰዎች የተደረሰላቸው በማግሥቱ ነው። በፎቶው ላይ ከሚታዩት ውስጥ በማግሥቱ ጣራው ላይ ያልተገኙ ነበሩ። ስንት እንደሆኑ የተነገረን እያደር ይለያይ ስለነበር ቁጥር አልጽፍም።

ፊሊፕ በስብሰባ ላይ «ውሳኔው የኔ ነው» አለ። እኔም የኔ እንደሆነ ተናገርኩ። ያ ማንንም አልጠቀመም። ወደ ክፍሌ ሄጄ ለሄር ፍሪክ ደወልኩ። በዚያን ጊዜ ቪንተርቱር መጦሪያ ገብቶ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ገልብጠው አይተውት ነበር?» አለኝ።

«አላየሁም።»

ያጽናናኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላጽናናኝም።

«ነገ ሥራ ይገባሉ?»

«አላውቅም።»

«ይግቡ። ነገም ፎቶ ይመጣል። ገልብጦ የሚያየው ሰው ያስፈልጋል።»

ገባሁ። ከዚያ በኋላ ቢሯችን ውስጥ እያንዳንዱ ፎቶ ተገልብጦ ይታያል፤ ሁለት ሰው ለየብቻው ሳያየው አይወጣም። መልሳችንም በሦስት ደረጃ ብቻ እንዲሆን ተስማማን። እኔ በልቤ በአማርኛ ነበር የማስባቸው፦ «ነው»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ሊሆን ይችላል»። «ነው» የሚለውን ከዚያ ወዲህ በጣም ጥቂት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ሄር ፍሪክ በቀጣዩ ክረምት ዐረፈ።

ጡረታ ስወጣ የጄኔቫውን ክፍል ለቅቄ ዙሪክ፣ አፎልተርን ሰፈር ወዳለው ቤታችን ጠቅልዬ ገባሁ። ተስፋዬ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶኛል። ሕንፃችን ውስጥ ልብስ ማጠቢያው የጋራ ነው፤ ምድር ቤት ያለ ክፍል ሆኖ ለእያንዳንዱ ቤት ተራ አለው። ከዘይነብ ጋር በደንብ የተዋወቅነው እዚያ ነው፤ የሷ ተራ ከኔ ቀጥሎ ነበር። ዘይነብ የአረጋውያን መጦሪያ ኩሽና ውስጥ የምትሠራ፣ ሻሿን አጥብቃ የምታስር፣ ሳቂታ ሴት ናት። አንድ ቀን አንሶላ ስናጣጥፍ ሥራዬ ምን እንደነበር ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የያዘችውን ጫፍ ሳትለቅ ቆመች።

«ፎቶ ባይኖርስ እትዬ? ሰው በቃሉ ቢነግርሽስ?»

ታሪኳን የነገረችኝ ያኔ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ትንሽ ልጅ ነበረች። አባቷ አሊ ይመር ከአክስቷ ጋር ወደ ባቲ፣ ወደ መጠለያው ላካት። አክስቷ እዚያው ሞተች። ዘይነብን አዲስ አበባ ሕፃናት ማሳደጊያ አስገቧት። ካደገች በኋላ አረብ አገር ሰው ቤት ሠራች፤ ከአሠሪዎቿ ጋር ጄኔቫ መጥታ እዚሁ አገር ቀረች። የሰፈሯ ስም ጨፌ ነው። አንድ ጊዜ ባቲ ድረስ ሄዳ ጠይቃ ነበር። «ረግረግ ያለበት ሁሉ ጨፌ ነው፤ የትኛው ጨፌ?» ብለው መለሷት።

«የማስታውሰው የልጅ ነገር ነው» አለችኝ። «ምንም አይጠቅምሽም።»

«የልጅ ነገር ይሁን። ስም አትጥሪ፤ ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።»

እሑድ እሑድ እኔ ቤት እየመጣች ነገረችኝ። ከቤታቸው ወንዝ ይወረዳል፤ ከወንዙ ወደ መስጊዱ ይወጣል። ከመስጊዱ በላይ ዛፍ የበዛበት መቃብር አለ። ሲመሽ አባቷ ትከሻው ላይ አድርጓት ከሩቅ፣ ከታች የመኪና መብራት ያሳያት ነበር፤ መብራቱ ይታያል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ብቅ ይላል። ወደ ባቲ ሲሄዱስ?

«አንድ ሌሊት መንገድ ላይ አደርን። ጠዋት ስንሄድ አክስቴ ነጠላዋን በዚህ በኩል ሳበችልኝ፤ ፀሐይ እንዳታቃጥለኝ።» እጇ ሳታስበው ወደ ግራ ጉንጯ ሄደ።

«በግራ ነው? ተነሺና አሳዪኝ።»

ተነሥታ ሳሎኔ ውስጥ ሁለት እርምጃ ሄደች። እጇ ግራ ጉንጯ ላይ ነው። ጠዋት ፀሐይ በግራ ከሆነች ተጓዡ የሚሄደው ወደ ደቡብ ነው። ስለዚህ ሰፈሯ ከባቲ በስተሰሜን፣ በእግር ከአንድ ቀን ትንሽ አለፍ በሚል ርቀት ላይ ነው። መብራቱ ደግሞ የኮምቦልቻና የባቲ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ያ መንገድ እየታየ እየጠፋ የሚሄድባቸውን ከፍታዎች ብቻ ለየሁ። ከነሱ ውስጥ ወንዝ በመሀል፣ መስጊድ በማዶ፣ ከበላዩ የመቃብር ዛፍ ያለባቸውን ፈለግሁ። ብዙ ሳምንት ፈጀብኝ። ደስ የሚል ሥራ ነበር፤ አልዋሽም። በመጨረሻ ሁለት ቦታ ቀረ፤ በመካከላቸው አንድ ትልቅ ተራራ አለ።

«ብርድ ታስታውሻለሽ?» አልኳት።

«እንዴታ! ጠዋት ማዶ ያሉት ልጆች ፀሐይ ሲሞቁ እኛ ጋ ገና ጥላ ነበር። እየጮሁ ያበሽቁን ነበር።»

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት ፀሐይ ዘግይታ የምትደርሳቸው ከሆነ ቤታቸው ከተራራው በስተምዕራብ ነው ማለት ነው። ከሁለቱ አንደኛው እንዲያ ነበር። ስክሪኑ ላይ አሳየኋት። ጣቷን ሳትነካው ከላዩ አንዣበበች።

«ነው?» አለችኝ።

«ሳይሆን አይቀርም።»

«እትዬ፣ በአላህ፣ ነው በይኝ።»

«አልልሽም። መጀመሪያ እዚህ ትሄጃለሽ። ካልሆነ ሳትመለሺ ከተራራው ወዲያ ወዳለው ትሄጃለሽ። ሁለቱንም ሳታዪ እንዳትመለሺ።»

ተቀየመችኝ። ለሁለት እሑድ ቀረች። እንዲያረጋግጥልን የምንፈልገው ሰው ሲያመነታ ይከፋል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም አልጨመርኩላትም። በሦስተኛው መጥታ ከሥራዋ ፈቃድ ማግኘቷንና መንገዱም ሰላም መሆኑን ነገረችኝ። የሁለቱንም ቦታ ምስል አትሜ ሰጠኋት።

ከባቲ የደወለችልኝ እያለቀሰች ነው። የመጀመሪያው ጨፌ ሽማግሌዎች አሊ ይመር የሚባል አያውቁም። ቡና አጠጥተው፣ መርቀው መልሰዋታል። «በቃ እትዬ፣ አልቀዋል» አለችኝ።

«ሁለተኛውስ?»

«ደክሞኛል።»

«ዘይነብ፣ ሁለተኛውስ?»

«እሺ፣ ነገ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በማግሥቱ እስከ ቀትር ድረስ ምንም አልሠራሁም። ስልኬ ሲጮህ በቪዲዮ ነው። ስክሪኑ ላይ ብዙ ፊት አለ፤ መሀል ላይ ዘይነብ ሻሿ ተፈትቶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። አጠገቧ ጺሙ የሸበተ ረጅም ሰውዬ እጇን ጥርቅም አድርጎ ይዟል። ወንድሟ ኢብራሂም ነው። አባታቸው ከሞተ ቆይቷል። ከባቲ የተመለሱ ሰዎች አክስቷም እሷም ሞቱ ብለው ስለነገሯቸው ቤተሰቡ በየዓመቱ በስሟ ሰደቃ ያወጣ ነበር።

ዘይነብ ስልኩን ዞር አድርጋ ሸለቆውን አሳየችኝ። ከላይ ስንት ጊዜ ያየሁትን ቦታ ከመሬት ሳየው አላወቅሁትም። ጠዋቱን ጥላ የሚያለብሳቸው ተራራው ሳይሆን በደቡብ ምሥራቅ ያለች አንዲት ኮረብታ ኖራለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከኮረብታዋ ጀርባ ነው፤ እኔ የሠራሁበት ምስል ደግሞ የተነሣው በሌላ ወቅት ነበር። ብርዱ የየትኛው ወር ብርድ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ለኢብራሂም ይህን ላስረዳው ጀመርኩና ተውኩት።

«እትዬ፣ እርስዎ መቼ ነው እዚህ የመጡት?» አለኝ ስልኩን ተቀብሎ።

«መጥቼ አላውቅም።»

«ወላሂ? ታዲያ ይምጡ እንጂ! አሁኑኑ ይምጡ።»

«መንገዱን ማን ያሳየኛል?» አልኩት እንደ ቀልድ።

እሱ ግን አልቀለደም። ስልኩን አስጠግቶ በጥሞና ነገረኝ። «ባቲ ላይ ከመኪና ይወርዱና ገበያው ዳር ይቆማሉ። ከዚያ ሰው ይጠይቁ። የአሊ ይመር ልጅ፣ ያቺ ሞታለች የተባለችው፣ የተመለሰችበት ቤት የት ነው ይበሉ። ከዛሬ ጀምሮ የማያሳይዎ የለም።»

«እሺ» አልኩት፣ «ሰው እጠይቃለሁ።»